ዋሊያዎቹን ከአፍሪካ ዋንጫ ያስቀራቸው የሜዳ እጦት ነው?

የካታንጋ ልጅ፦
እስኪ በግልጽ እንነጋገር። ካፍ (የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን) በ2014 ዓ.ም. የባሕር ዳርን ስታዲየም መመዘኛ አላሟላም ብሎ ካገደ ወዲህ ብሔራዊ ቡድናችን “የሜዳውን” ጨዋታ ለዓመታት በሰው አገር ሲያደርግ ቆየ። ጆሃንስበርግ፣ ሊሎንግዌ፣ ሞሮኮ፣ ዳሬሰላም። በ2017 ዓ.ም. በተጠናቀቀው የአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ከስድስት ጨዋታ አራት ነጥብ ይዘን የምድቡ መጨረሻ ሆንን። የኔ አቋም አንድ ነው፦ ሜዳ የሌለው ቡድን የትም አይደርስም።

ጥቅምት 2005ን አስታውሱ። ካርቱም ላይ በሱዳን 5 ለ 3 ተሸንፈን ነው የመጣነው። አዲስ አበባ ስታዲየም ግን ሰው ከሌሊት ጀምሮ ተሰልፏል። ካታንጋ የሚባለው የደጋፊ መቀመጫ ጨዋታው ሳይጀመር ጢም ብሏል። ከእረፍት በኋላ ሱዳኖቹን እግራቸው ከዳቸው፤ ከፍታውም ጩኸቱም አንድ ላይ ወረደባቸው። አዳነ ግርማ አገባ፣ ሳላዲን ሰኢድ ደገመ። ድምሩ 5 ለ 5 ሆነና ከሜዳ ውጭ ባገባነው ጎል ለአፍሪካ ዋንጫ አለፍን። ከ31 ዓመት በኋላ! ያ ጨዋታ ባዶ ወንበር ፊት ቢሆን ኖሮ እናልፍ ነበር ወይ?

ሐዋሳዋ፦
ወንድሜ፣ ያ ቀን ለሁላችንም ትልቅ ቀን ነው። ግን ከዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 2006፣ እዚያው ሜዳ ላይ፣ እዚያው ካታንጋ ፊት፣ ለዓለም ዋንጫ አንድ ደርሶ መልስ ሲቀረን ናይጄሪያ 2 ለ 1 አሸነፈችን። በኃይሉ አሰፋ አግብቶ እየመራን ነበር። ኢመኒኬ አቻ አደረገ፤ ማለቂያው ላይ በፍጹም ቅጣት ምት ጨረሰን። ያኔ ሜዳ ነበረን።

ሜዳ አጣን ካልን በኋላስ? ሰኔ 2 ቀን 2014 ሊሎንግዌ ላይ ግብጽን 2 ለ 0 አሸነፍን። ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ። ኅዳር 2017 ደግሞ ኪንሻሳ ገብተን ኮንጎን 2 ለ 1።

የካታንጋ ልጅ፦
ግብጽ ሳላህን አልያዘችም ነበር። ኮንጎም ማለፏን ቀድማ አረጋግጣለች። ሁለት ጥሩ ምሽት ማጣሪያ አያሳልፍም እህቴ። ማጣሪያ የሚታለፈው በሜዳህ ላይ ነጥብ ሳታስነካ ነው።

የድሬ ልጅ፦
ሱዳንን ካነሳህ አይቀር እንጨርሰው። አገሩ ጦርነት ላይ ነው። ሊጋቸው ቆመ። ትልልቆቹ ክለቦቻቸው ሂላልና መሪክ ሞሪታኒያ ሄደው በዚያ አገር ሊግ ተጫወቱ። ብሔራዊ ቡድኑ ጋናን “በሜዳው” ያስተናገደው ቤንጋዚ ላይ ነው፤ 2 ለ 0 አሸነፈ። በመጨረሻ ከአንጎላ ጋር አለፈ፣ ጋና ከምድቡ መጨረሻ ሆና ቀረች። እኛ ከሱዳን የባሰ ችግር አለብን የሚል ካለ እስቲ ይንገረኝ።

ጋሽ ፶፬፦
ልጆች፣ አንድ ነገር ልጨምር። በ1954 ዋንጫውን ስናነሳ ግብጽን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ያሸነፍነው አዲስ አበባ ላይ ነው። ሉቺያኖ ቫሳሎ አምበል፣ መንግሥቱ ወርቁ አጥቂ። የሜዳ ጥቅም ነበረን፣ አልክድም። ግን ያኔ ለዋንጫው የተሰለፉት አራት አገሮች ብቻ ናቸው። ዛሬ 24 አገር ይገባል፤ እኛ ግን ከ24ቱ አንዱ መሆን አቃተን። ይህ ያንገበግበኛል።

ሐዋሳዋ፦
ጋሼ ዕድሜ ይስጥልን። እኔም የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። ስለዚህ ከማለፍ አልፈን፣ ገብተን ምን እንደሆንን እንይ።

ጥር 2005 ደቡብ አፍሪካ። የመጀመሪያው ጨዋታ ኩራት ነው። በረኛችን ጀማል ጣሰው በቀይ ወጥቶ በ10 ሰው ከአምናዋ ሻምፒዮን ዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 ወጣን። ቀጥሎ ቡርኪናፋሶ መጣች። አንድ ለዜሮ እየተመራን የነሱ በረኛ በቀይ ወጣ። አሁን ሰው በልጠናል። ኳሱ እኛ ጋ ነው፣ ቅብብሉም ያምራል። ያገቡት ግን እነሱ ናቸው። በ10 ሰው ሦስት ጎል ጨመሩብን፣ 4 ለ 0። ያን ጨዋታ ደግሜ አይቼዋለሁ። ኳስ ስንነጠቅ ወደኋላ የሚሮጥ ሰው የለም። እነሱ በሦስት ቅብብል በረኛችን ፊት ናቸው።

ጥር 2014 ካሜሩን ላይም ያው ነው። ዳዋ ገና በ4ኛው ደቂቃ አገባባቸው፤ ማታውን 4 ለ 1 ተሸንፈን ወጣን። በሁለቱ ውድድሮች ስድስት ጨዋታ፣ ሁለት አቻ፣ ሦስት ጎል አገባን፣ 13 ተቆጠረብን። ይህ የስታዲየም ጉዳይ አይደለም። ልጆቻችን በዚያ ፍጥነት የሚጫወቱት ለብሔራዊ ቡድን ሲጠሩ ብቻ ስለሆነ ነው። ሊጋችን ቀስ ያለ ነው። ክለቦቻችን አፍሪካ ላይ አይቆዩም። ጊዮርጊስ በ2009 ሻምፒዮንስ ሊግ ምድብ ሲገባ ምን ያህል ደስ ብሎን ነበር! መስከረም 2017 ደግሞ ንግድ ባንክ የታንዛኒያውን ያንጋን አበበ ቢቂላ ስታዲየም ላይ አስተናገደ። ሜዳ ነበረው። 1 ለ 0 ተሸነፈ፣ ዛንዚባር ሄዶ ስድስት ገባበት።

የድሬ ልጅ፦
በቃ፣ ነገሩ እዚህ ላይ ነው። የሱዳን ልጆች ሜዳ አጥተው ክለባቸውን ግን አላጡም።

የስቶክሆልሙ፦
እኔ ከስዊድን ነኝ። ካሜሩን ላይ መጀመሪያ ያሸነፈችን ኬፕ ቬርዴ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ነው ያላት። ለፈረንጆቹ 2026 የዓለም ዋንጫ አለፈች። ተከላካዩ ሮቤርቶ ሎፔዝ ደብሊን ተወልዶ ያደገ ነው፤ አሰልጣኙ በሊንክዲን መልእክት ልኮ ነው ያገኘው። እዚህ ስንት የኛ ልጆች በየአካዳሚው ይጫወታሉ! ዋሊድ አታ ከዚህ አድጎ ለዋሊያዎቹ ተሰልፏል። ለምን እንደ እሱ ያሉ ብዙ አልሆኑም?

ጋሽ ፶፬፦
ልጄ፣ ሕጋችን ጥምር ዜግነት አይፈቅድም። አንድ የ19 ዓመት ልጅ የስዊድን ፓስፖርቱን መልስ ሲባል እናትና አባቱ ምን ይላሉ? እሱ የፌዴሬሽን ሥራ አይደለም፣ የፓርላማ ነው።

የስቶክሆልሙ፦
ገብቶኛል ጋሼ። ቢያንስ ግን የነዚህን ልጆች ስም የሚመዘግብ አንድ ሰው ይመደብ። ይሄ ሕግ አይጠይቅም።

የካታንጋ ልጅ፦
ሁሉንም ሰማሁ። አቋሜ አልተቀየረም፦ ካታንጋ ቢኖር ከጊኒ ጋር አቢጃን ላይ ሄደን 4 ለ 1 እና 3 ለ 0 አንሸነፍም ነበር። ሐዋሳዋ ያለችውን ግን አልክድም። አቡበከር ናስር በ2013 ለቡና 29 ጎል አግብቶ ወደ ደቡብ አፍሪካው ሰንዳውንስ ሲሄድ በሩ ተከፈተ ብለን ነበር። እሱን ጉዳት ያዘው፤ ሌላ ማን ተከተለ? እዚህ በየዓመቱ ክለብ እየቀየሩ በፊርማ ብር መኖር ይቀላል።

ሐዋሳዋ፦
ታዲያ በዚህ ተስማማን ማለት ነው። ቀጣዩ አፍሪካ ዋንጫ ለኬንያ፣ ለታንዛኒያና ለኡጋንዳ ነው የተሰጠው። እዚሁ ጎረቤት፤ ደጋፊ በአውቶቡስ የሚሄድበት። ፌዴሬሽኑን የምጠይቀው ከማጣሪያው በፊት ከምዕራብ አፍሪካ ቡድኖች ጋር ወዳጅነት ጨዋታ እንዲያዝ ነው። ቢያሸንፉንም ይሁን። ልጆቹ ያን ፍጥነት ነጥብ በማይቆጠርበት ቀን ይልመዱት።