ቲቲ ቫይረስ በጉበት ሕመምተኞች ላይ፦ 46 ከመቶ ነው ወይስ 92?

አዲስ_ላብ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሄፓታይተስ ቢም ሲም የሌለባቸው ሥር የሰደደ የጉበት ሕመምተኞች ላይ ቲቲ ቫይረስ ምን ያህል እንደሚገኝ በፒሲአር (የቫይረሱን ዲኤንኤ አባዝቶ በሚያሳይ ምርመራ) ለማጥናት እያቀድኩ ነው፤ የማስተርስ መመረቂያ ነው። አንድ የጃፓን ጥናት የሕመማቸው ምክንያት ካልታወቀ 90 የጉበት ሕመምተኞች በ41ዱ (46 ከመቶ) አግኝቷል። ሌላው ደግሞ ከጤነኛው ሕዝብ 92 ከመቶ ይላል። የቱን ልያዝ? ናሙናውስ ስንት ይበቃል?

ቫይሮ፦
ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የተለየው ፕራይመሩ (ፒሲአሩ የትኛውን ቦታ እንደሚያባዛ የሚወስነው አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ) ነው። ቫይረሱ በ1997 እ.ኤ.አ. ሲገኝ የተሠራው ፕራይመር ከቫይረሱ ዲኤንኤ ኤን22 ከሚባለው ቁራጭ የተወሰደ ነው። ያ ቦታ ከዝርያ ዝርያ በጣም ስለሚለያይ ጥቂቶቹን ብቻ ይይዛል። በ1998 እ.ኤ.አ. ብዙም ወደማይለዋወጠው ዩቲአር (ፕሮቲን የማይሠራበት የዲኤንኤው ክፍል) ሲዞሩ ቁጥሩ 92 ደረሰ።

46 ያስደነገጠው ከደም ለጋሾቹ ጋር ሲነጻጸር ነው፤ ከ290 ለጋሾች 34ቱ፣ 12 ከመቶ ማለት ነው። ግን የጉበት ሕመምተኛ ደም ይወስዳል፣ መርፌ ይወጋል፣ ሆስፒታል ይመላለሳል፤ ስለዚህ ለቫይረሱ ይበልጥ ይጋለጣል። ቫይረሱ በሰገራም ይወጣል። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ጥናት 25 ከመቶ በሕመምተኞች፣ 10 ከመቶ በጤነኞች ቢያገኝም፣ አብዛኞቹ ተሸካሚዎች ላይ ቫይረሱ ያመጣው የጎላ የጉበት ጉዳት አልታየም።

ቁጥር_አዋቂ፦
384 የሚለውን የተለመደ ስሌት (ግምት 50 ከመቶ፣ ስሕተት 5) ዝም ብለህ አትገልብጥ። እሱ ለአንድ ቡድን ነው። 40ን ከ50 ከመቶ ለመለየት በየቡድኑ 390 ያህል ሰው ያስፈልጋል። ዩቲአር ከተጠቀምክ ደግሞ ጤነኛው ራሱ 92 ላይ ነው፤ ሕመምተኛው ሁሉ ቢኖርበት እንኳ ልዩነቱ 8 ብቻ ነው። ስለዚህ “አለ ወይስ የለም” ሳይሆን መጠኑን በኪውፒሲአር (የቫይረሱን ብዛት በሚለካ ፒሲአር) ለካ። ማነጻጸሪያውን በዕድሜ፣ በጾታና ደም በመውሰድ ታሪክ አመሳስል።

ላብ_እጅ፦
ደሙን በኢዲቲኤ ቱቦ (ሐምራዊ ክዳን፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ) ውሰድ። ፕላዝማውን በ6 ሰዓት ውስጥ ለይና በትንንሽ ቱቦ ከፋፍለህ -80 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ አስቀምጥ፤ ደጋግሞ ማቅለጥ ያበላሸዋል። ቫይረሱ ዲኤንኤ ስለሆነ ሪቨርስ ትራንስክሪፕሽን (አርኤንኤን ወደ ዲኤንኤ መቀየር) አያስፈልግም፣ ገንዘብህን ቆጥብ።

ትልቁ ጣጣ ብክለት ነው። ቫይረሱ በምራቅም ስላለ የሠራተኛው ትንፋሽ ብቻ ናሙና የሌለበትን መፈተሻ ውሃ “ፖዘቲቭ” ሊያደርገው ይችላል፤ ኔስትድ (ሁለት ዙር የሚያባዛ ፒሲአር) ከሆነ ይብሳል። ማስክ አድርግ፣ ቅልቅሉን የምታዘጋጅበትና የተባዛውን የምትከፍትበት ክፍል ይለያይ፣ በየ10 ናሙናው አንድ ንጹሕ ውሃ ዲኤንኤ ከማውጣት ሂደቱ ጀምሮ አብሮ ይሂድ። አንዱ ውሃ ፖዘቲቭ ከሆነ የዚያን ዙር ውጤት ሙሉ በሙሉ ጣል።

ቫይሮ፦
አንድ ነገር ረስቼ። “ቢ የለበትም” ለማለት ኤችቢኤስኤጂ (የቢ ቫይረስ ሽፋን ፕሮቲን ምርመራ) ብቻ አይበቃም፤ አንቲ-ኤችቢሲ (ለቢ ቫይረስ የተሠራ ፀረ-አካል ምርመራ) እና የቢ ዲኤንኤም ይታይ። አገራችን ውስጥ ሐረር አካባቢ ጫት፣ ትግራይ ታሕታይ ቆራሮ ደግሞ ከእህል ጋር የሚቀላቀል የአረም መርዝ ከጉበት ሕመም ጋር ተያይዘዋል፤ መጠይቅህ ውስጥ ይግቡ። የሰውነት መከላከያ ሲደክም ደግሞ የቲቲ መጠን ይጨምራል፤ ንቅለ ተከላ ያደረጉ ሰዎች ላይ የመከላከያ አቅም መለኪያ ሆኖ እየተጠና ያለውም ለዚህ ነው። በሲሮሲስ (የጉበት ጠባሳ) ታማሚ ላይ ከፍ ብሎ ብታገኘው የበሽታው መንስኤ ሳይሆን ውጤቱ ሊሆን ይችላል።

አዲስ_ላብ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በሄፓሪን (ሌላ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት) ቱቦ የተቀመጡ የቆዩ ናሙናዎችስ?

ላብ_እጅ፦
ሄፓሪን ፒሲአሩን ያፍነዋል፣ ያለውን የለም ያሰኝሃል። ሄፓሪኔዝ (ሄፓሪንን የሚያፈርስ ኢንዛይም) ካላገኘህ ተዋቸው።