የሟች እኅት መጽሐፍ የማን ነው? ስለ አን ብሮንቴ የተደረገ ክርክር

ባለ ጥያቄ፦
ባለፈው ሳምንት ስለ ብሮንቴ እኅትማማቾች ስንጨዋወት አንድ ነገር በእንጥልጥል ቀርቶ ነበር፤ ዛሬ እንቋጨው። ላልነበራችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። አን ብሮንቴ በሰሜን እንግሊዝ፣ በዮርክሺር፣ የአንድ ቄስ ስድስተኛና የመጨረሻ ልጅ ናት። በ1820 ተወልዳ በ1849 በሳንባ ነቀርሳ ሞተች። ከሻርሎትና ከኤሚሊ ጋር የወንድ በሚመስል የብዕር ስም አንድ የግጥም መጽሐፍ፣ ለብቻዋ ደግሞ ሁለት ልብ ወለዶች አሳትማለች። የመጀመሪያው «አግነስ ግሬይ»፣ ሁለተኛው «የዋይልድፌል ሆል ተከራይ» ይባላል፤ ይህ ሁለተኛው ሰካራም ባሏን ጥላ፣ ልጇን ይዛ የተሰወረች ሴት ታሪክ ነው። በ1848 ሰኔ ላይ ወጥቶ በነሐሴ ለሁለተኛ ጊዜ ታተመ። አን ከሞተች በኋላ፣ በ1850፣ አንድ የለንደን አሳታሚ የእኅትማማቾቹን ሥራ እንደገና ሊያወጣ ሲነሣ ሻርሎት ይህ መጽሐፍ ተጠብቆ መቆየቱ ተገቢ አይመስለኝም፣ የርእሱ ምርጫ ስሕተት ነው ብላ ጻፈችለት። መጽሐፉም ከዚያ እትም ቀረ። ጥያቄዬ አንድ ነው፤ ሻርሎት ይህን ማድረግ ነበረባት?

የመጨረሻ ልጅ፦
አልነበረባትም። እኔ ለሰባት ልጆች ማብቂያ ነኝ፤ ፀጉሬ ሸብቶ እንኳ እናቴ «ሕፃኗ» ማለቷን አልተወችም። ስለዚህ የአን ነገር ይገባኛል። ሻርሎት በ1850 ስለ እኅቶቿ ባሳተመችው ማስታወሻ ላይ አንን እንዴት እንደሣለቻት ተመልከቱ፦ ሐሳቧንና ስሜቷን የመነኩሲት ዓይነ ርግብ የመሰለ ነገር የጋረደው፣ እሱም ከስንት አንዴ የሚገለጥ። ቀጥላ ደግሞ መጽሐፉ ከጸሐፊዋ ጠባይ ጋር ጨርሶ የማይሄድ ነው ትላለች። ታዲያ ማን ጻፈው? ጎረቤት ነው? ታላቅ እኅት የያዘችው ምስል እውነት ሆኖ የጸሐፊዋ የገዛ መጽሐፍ ስሕተት ተባለ። የመቃብር ድንጋይዋ እንኳ 28 ዓመቷ ነበር ይላል፤ የሞተችው በ29 ነው። ሻርሎት በ1852 ሄዳ የድንጋዩን ስሕተቶች ስታሳርም ዕድሜው እንደተሳሳተ ቀረ። ትክክለኛው የተጻፈበት ሰሌዳ የተመረቀው በ2013 ነው። ለታናሽ ማንም አይቸኩልም።

የቀለም ዘመድ፦
እኅቴ፣ ትንሽ ቀስ በይ። መጽሐፉን ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ፣ እወደዋለሁም። ነገር ግን ሻርሎት ያን ደብዳቤ ስትጽፍ ምን ዓይነት ቤት ውስጥ እንደተቀመጠች ይታሰብ። ወንድማቸው ብራንዌል መስከረም 24 ቀን 1848 ሞተ። ኤሚሊ ታኅሣሥ 19 ቀን። አን በሚቀጥለው ዓመት ግንቦት 28 ቀን፣ ባሕር አየር ይሻላት እንደሆነ ተብሎ በተወሰደችበት በስካርቦሮ ከተማ። ስምንት ወር ገደማ በሆነ ጊዜ ሦስት ሬሳ። እናታቸውና ሁለት ታላላቆቻቸው በልጅነታቸው ነው ያለፉት። ሦስቱ እኅትማማቾች ማታ ማታ በመመገቢያው ጠረጴዛ ዙሪያ እየተዘዋወሩ የጻፉትን የመነጋገር ልማድ ነበራቸው። ኋላ ሻርሎት ብቻዋን መዞር ቀጠለች፤ የቤቱ ሠራተኛ ያን የአንድ ሰው ኮቴ ስትሰማ ልቧ እንደሚታመም ተናግራለች።

በዚያ ላይ መጽሐፉ ውስጥ ያለው ሰካራም ማንን እንደሚያስታውስ ሁሉም ያውቃል። ብራንዌል አን በምታስተምርበት በቶርፕ ግሪን ቤት እሷው አስገብታው የልጁ አስተማሪ ሆኖ ነበር። በ1845 ተባረረ፤ ሰበቡ ከቤቱ እመቤት ጋር የነበረው ግንኙነት ነው ይባላል። ከዚያ በኋላ መጠጥና ኦፒየም ነው። ሻርሎት ራሷ አን ያየችውን ብልሽት መጻፍን እንደ ግዴታ ቆጥራ፣ ሥራውን እየጠላችው እንደጨረሰችው መስክራላታለች። ይህ ስድብ አይደለም። ወንድምሽ ዓመት ሁለት ዓመት ሳይሞላው ገመናውን ገበያ ማውጣት ትፈልጊያለሽ? እኔ አልፈልግም።

ነገረ ፈጅ፦
ሁለት ነገሮች እየተቀላቀሉ ነው። ሻርሎት መጽሐፉን አላቃጠለችም፣ አላስቀደደችም። አንድ አሳታሚ «ይህንስ እናትመው?» ሲላት «አይመስለኝም» አለች፤ ያ ብቻ ነው። መጽሐፉን በሦስት ቅጽ ያወጣው ኒውቢ የሚባል ሌላ አሳታሚ ነበር። በ1854 ደግሞ ሆጅሰን የተባለ ሰው በአንድ ቅጽ ርካሽ እትም አወጣ፤ ቦታ ለመቆጠብ ብዙ ቦታ ላይ ቆራረጠው። ከመቶ ዓመት በላይ በእንግሊዝ የተነበበው በአብዛኛው ያ የተቆራረጠው ነው። መቀሱን የያዘው ሆጅሰን እንጂ ሻርሎት አይደለችም። በ1842ቱ የእንግሊዝ ሕግ የአንድ መጽሐፍ የባለቤትነት መብት ከታተመበት 42 ዓመት ወይም ከጸሐፊው ሞት 7 ዓመት፣ የረዘመው ነው የሚጸናው። ስለዚህ እስከ 1890 ድረስ ጥያቄው የመብት ነው። መብት ያለው ሰው ደግሞ አላሳትምም ማለት ይችላል።

የመጨረሻ ልጅ፦
ጋሽ ነገረ ፈጅ፣ በሩን የዘጋው ሰው ሌባው በመስኮት ሲገባ እጄ የለበትም ሊል ይችላል? በ1850 በጥሩ አሳታሚ እጅ፣ በታወቀች እኅት አዘጋጅነት ሙሉው ቢታተም ኖሮ የሆጅሰንን ቅንጭብጫቢ ማን ይፈልገው ነበር? ኤሚሊ እናት አገኘች፣ «አግነስ ግሬይ»ም ከእሷ መጽሐፍ ጋር አብሮ ወጣ። ይኸኛው ግን የእንጀራ ልጅ ሆነ።

ባለ ጥያቄ፦
ገመና ከተባለ፣ አን ራሷ ምን አለች? እሷ በሕይወት ሳለች ትችቱ ደርሷት ነበር አይደል?

የመጨረሻ ልጅ፦
ደርሷታል፣ መልሳለችም። «ስፔክቴተር» የተባለው ጋዜጣ ለብልግናና ለጭካኔ የታመመ ፍቅር አለው ብሎ ጽፎባታል። ለሴቶች አይሆንም ብሎ ያስጠነቀቀ መጽሔትም ነበር። እሷ ለሁለተኛው እትም በሐምሌ 1848 መቅድም ጻፈች። እውነቱን ልናገር ፈልጌ ነው፣ ክፉን ሰው መታየት እንደሚወደው ሳይሆን እንደሆነው ማሳየት ይሻላል ትላለች። ስለ ጾታዋ ለሚጠያየቁትም መጽሐፍ ጥሩ ከሆነ ጥሩ ነው፣ የጻፈው ወንድም ይሁን ሴት ብላ ዘጋችው። ዓይነ ርግብ ያጠለቀች ሴት እንዲህ አትጽፍም።

እዚያው ሐምሌ ውስጥ ኒውቢ የሦስቱም እኅትማማቾች መጻሕፍት የአንድ ሰው ናቸው የሚል ወሬ ሲያሠራጭ፣ ሻርሎትና አን በዝናብ እስከ ኪዝሊ ጣቢያ በእግራቸው ሄደው በሌሊት ባቡር ለንደን ገቡ። ሻርሎት የአሳታሚዋን ደብዳቤ ለራሱ ለአሳታሚው ሰጠችው፤ ከየት አመጣሽው አላት። የሁለት ሰው ሥራ መሆኑን በአካል አሳዩት። እንግዲህ ራሴን የቻልሁ ጸሐፊ ነኝ ለማለት ያን ሁሉ መንገድ የሄደችን ሴት፣ በሞተች በዓመቱ «ምርጫሽ ስሕተት ነበር» ማለት ነው ነገሩ።

ገመናውም የአንድ ቤት ገመና አይደለም። ሄለን የምትባለው ገጸ ባሕርይ በ1820ዎቹ የምትኖር ሚስት ናት፤ በዚያ ዘመን ሕግ ሥዕል ሸጣ ያገኘችው ገንዘብ የባሏ ነው፣ ልጁም የባሏ ነው። እናት ከሰባት ዓመት በታች ላለ ልጇ እንኳ ለፍርድ ቤት ማመልከት የቻለችው በ1839 ነው። ባለትዳር ሴት የራሷን ንብረት በሙሉ የያዘችው በ1882 ነው። ባልየው ሕፃኑን ወይን ጠጅ ያስለምደዋል፣ መሳደብ ያስተምረዋል። እናትየው ወይኑ ላይ የሚያስመልስ መድኃኒት ጠብ እያደረገች ልጁ ሽታውን እንኳ እንዲጸየፍ ታደርጋለች። ልትጠፋ እንደሆነ ሲያውቅ የቀለም ሣጥኗን፣ ብሩሾቿን፣ ሸራዋን እሳት ውስጥ ይከታቸዋል። ይህን ስናነብብ ያለቀስን አለን። ብራንዌልን አላሰብንም።

የቀለም ዘመድ፦
እኔም አነባሁ፤ የሚያስመልሰውን መድኃኒት አልረሳውም። ግን ቅር የሚለኝ ነገር አለ። ሁላችሁም ሻርሎትን ስትከስሱ ቅናት ነው የምትሉ ይመስላል። አንዲት ሰው ቀደም ብላ እንዲያውም ተናግራዋለች፦ ቁንጅና የሌላት ድሀ የሰው ቤት አስተማሪ ዋና ገጸ ባሕርይ መሆኗ የአን ሐሳብ ነበር፣ «አግነስ ግሬይ» ከሻርሎት ልብ ወለድ ከ«ጄን ኤየር» በፊት ተጽፎ አሳታሚው ስለ ዘገየበት ኋላ ወጣ ብላ።

ነገረ ፈጅ፦
የመጻፉ ቅደም ተከተል እውነት ነው። «ጄን ኤየር» በጥቅምት 1847፣ «አግነስ ግሬይ» በታኅሣሥ ወጡ። ቅናት ነው ማለት ግን ማስረጃ ይፈልጋል። እኔ ያየሁት ማስረጃ የለም።

አንባቢው፦
ከርእስ ወጣሁ ይቅርታ። «ጄን ኤየር» ውስጥ በትምህርት ቤቱ የምታነብበው ልጅ እጅ ላይ ያለው መጽሐፍ «ራሴላስ» ነው፤ የአቢሲኒያው ልዑል ታሪክ፣ በ1759 የታተመው። ከዮርክሺር ኮረብታ ላይ የእኛን አገር ስም ሳገኝ ደነገጥሁ። በቃ፣ ቀጥሉ።

መምህርት፦
ስለ ልብ ወለዱ ብቻ ስትከራከሩ ግጥሙ ተረሳ። እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው። በ1846 ሦስቱ በጋራ ባሳተሙት መጽሐፍ 21 ግጥሞች የአን ናቸው። (ማሳተሚያውን ከኪሳቸው ከፍለው በመጀመሪያው ዓመት የተሸጠው ሁለት ቅጂ ነው። ሁለት! የእኛ አገር ገጣሚዎች ይህን ሰምተው ይጽናኑ።)

ወደ ነገሬ ልግባ። ጥር 5 ቀን 1849 ከሊድስ የመጣ ሐኪም አንን መርምሮ የሚድን በሽታ እንዳልሆነ አስታወቀ። በሦስተኛው ቀን ግጥም ጀመረች፤ በወሩ መጨረሻ ጨረሰችው። መክፈቻው አስፈሪ ጨለማ ግራ የገባው አእምሮዋን እየከበበው እንደሆነ ይናገራል፤ መከራ ልቀበል እንጂ አልበድል፣ እየተሠቃየሁም ልታገሥ ብላ ትለምናለች። ሻርሎት በ1850 ስታሳትመው ያን መክፈቻ አነሣችው። አንባቢ ዘንድ የደረሰው የሚጀምረው ከጀግኖችና ከብርቱዎች ጋር ድርሻዬን እሠራለሁ ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር ከሚለው ነው። ቃላትም ቀይራለች፣ ሌሎች ስንኞችም ቀንሳለች።

ፍርዱን ከሰማች ሦስት ቀን ያልሞላት የ28 ዓመት ሴት «ፈራሁ» ብላ ነበር፤ እኅቷ ይህ እንዳይታይባት አደረገች። ኤሚሊንም አልማረቻትም፤ ከአንድ ረጅም ግጥሟ 12 መስመር ወስዳ የራሷን 8 ቀጥላ በኤሚሊ ስም አወጣችው። ልብ ወለዱን አለማሳተም አንድ ነገር ነው። በሟች አፍ መናገር ሌላ ነው።

የቀለም ዘመድ፦
ይህን አላውቅም ነበር። መክፈቻውን ማውጣቷን ማለቴ ነው።

ነገረ ፈጅ፦
በዘመኑ አዘጋጅ ማለት ይኸው ነበር፣ ቢሆንም ኤሚሊ ላይ የጨመረችውን ለመከላከል አልቆምም። ልብ ወለዱ ላይ ግን አቋሜ አልተለወጠም፤ ማንም ሰው የቤተሰቡን ሐዘን በገዛ እጁ እንዲያሳትም አይገደድም።

የመጨረሻ ልጅ፦
ማንም አላስገደዳትም፣ ዝም ብትል ይበቃ ነበር። እኔም ይህን ስል ሻርሎት ስካርቦሮ ድረስ አብራት ሄዳ እስከ መጨረሻዋ ትንፋሽ እጇን እንደያዘች አልረሳሁም። አን ስትሞት የተናገረችው «በርቺ ሻርሎት፣ በርቺ» ነው። የምትሞተዋ ናት የምታጽናናው! ይህን ባነበብሁ ቁጥር ሻርሎትን መቆጣት ያቅተኛል፤ ከዚያ መጽሐፉን ስከፍት ቁጣዬ ይመለሳል።

ባለ ጥያቄ፦
የተቆረጠውን ከሙሉው በምን እንለያለን? ብዙዎቻችን አሮጌ ቅጂ ነው ያለን።

መምህርት፦
የመጀመሪያውን ገጽ ተመልከቱ። ሙሉው የሚነሣው ተራኪው ሃልፎርድ ለሚባል ወዳጁ ከጻፈው ደብዳቤ ነው። የተቆረጠው ደብዳቤውን ዘልሎ በቀጥታ ወደ 1827 መጸው ይወስዳችኋል። ከዚያ 28ኛውን ምዕራፍ አውጡ፤ ሙሉው ላይ በ1822 ገና ቀን ሄለን የጻፈችው ማስታወሻ ነው። አምና ገና ሙሽራ ነበርሁ፣ አሁን ሚስት ነኝ፣ ተመስገን እናትም ሆኛለሁ ትላለች። በተቆረጠው ላይ ይህ ምዕራፍ ጨርሶ የለም። ኦክስፎርድ በ1992 ካወጣው ጥናታዊ እትም ወዲህ ያሉት ጥሩዎቹ ቅጂዎች ሙሉ ናቸው።

የቀለም ዘመድ፦
ቅጂዬን ከመደርደሪያ አወረድሁት። ተማሪ ሳለሁ ከአሮጌ መጻሕፍት ነጋዴ የገዛሁት ነው፤ ጀርባው ሁለት ጊዜ ተለጥፏል፣ ጠርዙ ላይ የእርሳስ ማስታወሻዬ ሞልቷል። መጀመሪያው ገጽ 1827 ይላል። ደብዳቤ የለም። 28ኛው ምዕራፍም ስለ ሌላ ነገር ነው። ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ ብዬ ነበር።

የመጨረሻ ልጅ፦
ጋሼ፣ ምዕራፉ አጭር ነው። ዛሬ ማታ ከእኔ ቅጂ ፎቶ አንሥቼ እልክልዎታለሁ።

የቀለም ዘመድ፦
ደብዳቤውንም ጨምሪልኝ።