ባለቤቴ ጀርመን ሥራ አገኘች፤ አብረን እናመልክት ወይስ እሷ ትቅደም?

የጦሳ ልጅ (ጠያቂ፣ ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ፣ አሰላሙ አለይኩም።

ባለቤቴ ነርስ ናት። ከወሎ ዩኒቨርሲቲ ተመርቃ እዚሁ ደሴ እየሠራች፣ ማታ ማታ ጀርመንኛ ስትማር ቆይታ ነበር። ራሷ አመልክታ በቅርቡ አንድ የጀርመን ሆስፒታል የሥራ ውል ላከላት። ደስ ብሎናል፣ ግን ከየት እንደምንጀምር ግራ ገባን። ሁለት ልጆች አሉን። ትልቋ ትምህርት ቤት ገብታለች፣ ትንሹ ገና አራት ዓመቱ ነው።

የተጋባነው በኒካህ ነው። ሸሁ የጻፉልን፣ ምስክሮች የፈረሙበት ወረቀት በእጃችን አለ። የጋብቻ ሰርተፍኬት የሚባለው ግን የለንም። ኒካሁ ብቻውን ይበቃል?

ሌላው የስም ጉዳይ ነው። የእኔ ስም ፓስፖርቴ ላይ በእንግሊዝኛ አንድ ዓይነት ተጽፏል፣ የልጄ የልደት ሰርተፍኬት ላይ ደግሞ ሌላ ዓይነት። የልጅቷም የልደት ቀን በፈረንጅ ሲቀየር ዓመቱ የተሳሳተ ይመስለኛል።

አንድ ሰው ደግሞ «የቤተሰቡን ቪዛ እኔ ጨርሼ እሰጣችኋለሁ፣ ኢምባሲ ውስጥ ሰው አለኝ» ብሎ ሦስት መቶ ሺህ ብር ጠይቆናል። ግማሹን አሁኑኑ ይፈልጋል። እናቴ «ልጆቹን እኔ ዘንድ ተዉና እናንተ ሂዱ» ትላለች። እባካችሁ ያለፋችሁበት ካላችሁ ምከሩኝ።

ቦርከና (የኮምቦልቻ ልጅ፣ ጀርመን)

እንኳን ደስ ያላችሁ! አብሽር ወንድሜ፣ መንገዱ ረጅም ነው እንጂ ዝግ አይደለም። እኔም ነርስ ነኝ።

መጀመሪያ ይህን ንገረኝ። የባለቤትህ ሙያ በጀርመን በኩል ሙሉ በሙሉ እውቅና አግኝቷል? ወይስ «ይህና ያ ይጎድላል» የሚል ደብዳቤ ነው የደረሳት? የአንተ ጥያቄ መልስ እዚህ ላይ ነው የሚለያየው።

ሙሉ እውቅና ካላት በባለሙያ ፈቃድ ነው የምትገባው። እንደዚያ ከሆነ ለትዳር ጓደኛ የጀርመንኛ ማስረጃ ግዴታ አይደለም። አንተም ከገባህ ቀን ጀምሮ መሥራት ትችላለህ። በዚህ መንገድ ከሆናችሁ አብራችሁ አመልክቱ የሚል ነው ሐሳቤ።

ጉድለት አለ የሚል ደብዳቤ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከኢትዮጵያ የምንመጣ ብዙዎቻችን የምናገኘው ይህንን ነው። ጉድለቱን በማሟያ ሥልጠና ወይም በፈተና እስክትሞላ ድረስ የምትሠራው በረዳትነት ነው። የሚከፈላትም የረዳት ደሞዝ ነው። የቤተሰብ ቪዛ ሲጠየቅ ደግሞ ገቢዋ የቤት ኪራዩን፣ ቀለቡንና የጤና መድኑን ለሁላችሁም መቻሉ ይታያል። በረዳት ደሞዝ ለአራት ሰው ማሳየት በጣም ይከብዳል። በዚህ መንገድ ለሚመጣ ሰው ባል ወይም ሚስት የመጀመሪያው ደረጃ ጀርመንኛ፣ ኤ አንድ የሚባለው፣ ይጠየቃል። እንዲህ ከሆነ እሷ ትቅደም። ፈተናዋን ጨርሳ የነርስነት ፈቃዷን ስትይዝ እናንተ ትከተላላችሁ።

ቀጣሪዋን አንድ ነገር ትጠይቅልህ። ለባለሙያዎች የተፋጠነ ሂደት የሚባል አለ። ቀጣሪው እሷን ወክሎ እዚያው ባለው የውጭ ዜጎች ቢሮ ያስጀምረዋል፤ ክፍያው 411 ዩሮ ነው። ቢሮው ቅድመ ስምምነት የሚባለውን፣ ቪዛው ቢሰጥ እንደሚስማማ የሚገልጸውን ወረቀት ካወጣ በኋላ ኢምባሲው በሦስት ሳምንት ውስጥ ቀጠሮ መስጠት አለበት። ማመልከቻው ተሟልቶ ከገባ ደግሞ ውሳኔው እንደገና በሦስት ሳምንት ውስጥ ይጠበቃል። ትልቁ ጥቅሙ ግን የትዳር ጓደኛና ልጆች እዚያው ፋይል ውስጥ መካተት መቻላቸው ነው። ብዙ ቀጣሪዎች ካልተጠየቁ አያነሡትም።

በአንዳንድ ሰው ምክር «ያላገባሁ ብላ ትሙላ፣ ይቀላታል» የሚባለውን እንዳትሰሙ። ከመጀመሪያው ፎርም ጀምሮ ባልና ሁለት ልጆች እንዳሏት ትጻፍ። ዛሬ የተደበቀ ልጅ ነገ የቤተሰብ ቪዛ ሲጠየቅ «ከየት መጣ?» ያስብላል። ያኔ የእሷም ፈቃድ አደጋ ላይ ይወድቃል።

ሰኞ ገበያ (ደሴ)

ወሳኝ ኩነት ምዝገባ ላይ ስለምሠራ በወረቀቱ በኩል ልመልስ።

ኒካህ በሕጋችን ጋብቻ ነው። በሃይማኖትም በባህልም የተፈጸመ ጋብቻ እንደ ማዘጋጃ ቤቱ እኩል ይታወቃል። ነገር ግን የትኛውም ኢምባሲ የሚፈልገው የመንግሥት የጋብቻ ምዝገባ ሰርተፍኬት ነው። የሸሁን ወረቀት፣ የሁለታችሁን መታወቂያና ፎቶ፣ እንዲሁም ኒካሁ ሲታሰር የነበሩ ምስክሮችን ይዛችሁ ወደምትኖሩበት ቀበሌ ሂዱ። ጊዜው አልፏል ብላችሁ አትስጉ። ጋብቻ በ30 ቀን፣ ልደት በ90 ቀን ውስጥ ይመዝገብ ይላል ሕጉ፤ የዘገየም ይመዘገባል።

አሁን የምለውን አጥብቀህ ያዝ። ሰርተፍኬቱ ላይ ሁለት ቀን አለ፤ ጋብቻው የተፈጸመበትና የተመዘገበበት። የተፈጸመበት ላይ መስፈር ያለበት ኒካሁ የታሰረበት ቀን ነው። ተሳስቶ የዘንድሮው ከሰፈረ፣ የሰባት ዓመት ልጅ ያላቸው ባልና ሚስት ባለፈው ወር የተጋቡ ይመስላሉ። ቪዛ የሚያየው ሰው «ለወረቀት ብለው ነው የተጋቡት» ብሎ ቢጠረጥር አይፈረድበትም። መዝጋቢው ፊት ሳትፈርሙ በፊት አንድ በአንድ አንብቡት።

የልጅቷ ልደት ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው «ስምንት ደምር» እየተባለ ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ የተወለደ ሰው ላይ የሚደመረው ሰባት ነው። ከዚያ በኋላ ነው ስምንት የሚሆነው። ኅዳር 12 ቀን 2009 የተወለደች ልጅ በፈረንጅ ኖቬምበር 21 ቀን 2016 ናት። ጥር 5 ቀን 2009 የተወለደች ደግሞ ጃንዋሪ 13 ቀን 2017። ልጅህ ከጥር እስከ ጳጉሜ ባለው ጊዜ ከተወለደች ስምንቱ ልክ ነው፣ ምንም አትንካ። በመኸር ከሆነ ግን ሰርተፍኬቷን አሁኑኑ ይዘህ ና፤ እንዲታረም ይጠየቃል።

የስም ፊደልም እንደዚሁ ነው። እኛ አካባቢ ሙሐመድ፣ ሁሴን፣ ሰዒድ፣ ይማም የማይል ቤት የለም። ሙሐመድ ብቻውን በእንግሊዝኛ አምስት ስድስት ዓይነት ሲጻፍ አይቻለሁ፤ አንዱ በ«ኦ»፣ አንዱ በ«ዩ»፣ አንዱ በአንድ «ኤም»፣ ሌላው በሁለት። ለኛ አንድ ሰው ነው፤ ፋይሉን ለሚያየው ግን ሁለት ሰው ነው። ፓስፖርቱን መሠረት አድርጉና የልደቱን፣ የጋብቻውን፣ የትምህርቱን ወረቀት ወደ እሱ አስተካክሉ። ፓስፖርት ለሌላቸው ልጆች ደግሞ መጀመሪያ የልደት ሰርተፍኬቱ ይስተካከል፣ ከዚያ ፓስፖርቱ ይውጣ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ሁለት ጊዜ ነው የምትለፉት።

የወልድያው

ስለ ሦስት መቶ ሺህ ብሩ ማንም በቀጥታ ስላልተናገረ እኔ ልናገር። ወንድሜ፣ ሰባራ ሳንቲም እንዳትሰጥ።

ለጀርመን የረጅም ጊዜ ቪዛ የኢምባሲው ክፍያ ለአዋቂ 75 ዩሮ ነው፤ ለልጅ ግማሹ፣ 37.50 ዩሮ። ከዚያ ውጭ ያለው የትርጉም፣ የሰነድ ማረጋገጫና የመጓጓዣ ወጪ ነው። «ኢምባሲ ውስጥ ሰው አለኝ» የሚል ሰው የሚሸጥልህ ነገር የለውም። የውሸት ወረቀት ከጨመረበት ደግሞ እሱ ይሰወራል፣ መዝገቡ ላይ የሚቀረው የናንተ ስም ነው።

ሌላም ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት የጤና ባለሙያ እጥረት ክፉኛ ያለባቸውን 55 አገሮች በ2023 ዘርዝሯል። ኢትዮጵያም አለችበት። ጀርመን በሕጓ ከእነዚህ አገሮች የጤና ባለሙያ መመልመልንና ማገናኘትን ለራሷ የመንግሥት የሥራ ስምሪት መሥሪያ ቤት ብቻ ነው የፈቀደችው። ነርሷ ራሷ ማመልከት ትችላለች፤ ባለቤትህ ያደረገችው ትክክለኛውን ነው። «ነርሶችን ወደ ጀርመን እንልካለን» የሚል የግል ደላላ ግን ከመነሻው ከሕግ ውጭ ነው።

ይህን የሚያነቡ ሌሎችም ስላሉ ስለ እንግሊዝም ልጨምር። የአረጋውያን እንክብካቤ ሥራ፣ ኬር የሚባለው፣ ከማርች 2024 ጀምሮ አዲስ ገቢ ሠራተኛ ቤተሰቡን ማምጣት አይችልም። ከጁላይ 2025 ጀምሮ ደግሞ ለዚህ ሥራ ከውጭ አገር አዲስ ሰው መቅጠርም ቆሟል። «የኬር ቪዛ ከነቤተሰብ» ብሎ ገንዘብ የሚቀበል ካለ እያታለለ ነው።

እመት ሐይቅ

ልጄ፣ እኔ ዓረብ አገር ብዙ ዓመት ሠርቼ የተመለስሁ ሴት ነኝ። ስለ ቪዛው ከላይ የጻፉት ልጆች ይበልጡኛል። እኔ ስለ ልጆቹ ልናገር።

እኛ ስንሄድ ቤተሰብ ማስከተል የሚባል ነገር አልነበረንም። ለቤት ሠራተኛ አይፈቀድም። ልጆቼን እናቴ አሳደገችልኝ፣ አላህ ይዘንላት። በደንብ ነው ያሳደገችልኝ። ስመለስ ግን ትንሹ ልጄ ከኋላዋ ተደብቆ ነው ያየኝ። እናንተ በሕግ የተፈቀደ መንገድ አላችሁ። እናትህ በፍቅር ነው ያሉት፣ ቅር እንዳይላቸው፤ ግን ልጆቹን ለጊዜው እንጂ ለዘለቄታው አትተዉ። አንተ ከልጆቹ ጋር ቆይተህ እሷ ብትቀድም ይሻላል። ሁለታችሁም አንዴ ሄዳችሁ ልጆቹ ብቻቸውን እንዳይቀሩ።

እሷ ከቀደመች ደግሞ ሳትሄድ ውክልና ትስጥህ። ለልጆቹ ፓስፖርት፣ ለልደት እርማት፣ ለቪዛው፣ አብረውህ ለመጓዛቸውም። ወረቀቱ ላይ እያንዳንዱ ጉዳይ ይዘርዘር፤ «ለማንኛውም ጉዳይ» ብቻ ከሆነ አንዳንዱ ቢሮ ይመልስሃል። ከሄደች በኋላም በርሊን ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ፍራንክፈርት ባለው ቆንስላ ማድረግ ትችላለች፣ ግን ጊዜ ይበላል።

የእህቴ ልጅ ባለፈው ወደ ሳዑዲ በውል ስትሄድ ደላላው የቪዛና የትኬት ብሎ ገንዘብ ጠይቋት ነበር። ሌላም ሴት እንዳትከፍል እዚሁ ልበለው። በአዋጅ 923/2008 የቪዛው፣ የደርሶ መልስ ትኬቱ፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱ፣ የኢንሹራንሱም ወጪ የአሠሪው ነው። ሠራተኛዋ የምትከፍለው የፓስፖርቷን፣ የጤና ምርመራዋንና የመሳሰሉትን የራሷን ወረቀቶች ነው።

የጦሳ ልጅ (ጠያቂ)

አላህ ይስጥልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ሁላችሁንም። እመት ሐይቅ፣ የጻፉትን ለእናቴ አነበብኩላት፤ ዝም ብላ ሰማችና «እውነታቸውን ነው» አለች።

ደብዳቤውን አየነው። የጉድለት ነው፤ ቦርከና እንዳልሽው። ማሟያ ሥልጠና ያስፈልጋታል ይላል። ስለዚህ እሷ ትቅደም ብለናል። እኔ ከልጆቹ ጋር እየቆየሁ ጀርመንኛ እጀምራለሁ። ለሰውየው አንከፍልም። የልጄም ልደት ኅዳር ላይ ነው፣ ሰርተፍኬቱ ላይ ስምንት ነው የተደመረው።

ሁለት ነገር ቀረኝ። ከኒካሁ ምስክሮች አንዱ አርፈዋል፣ ችግር አለው? ቦርከና፣ አሁን እዚህ ሆኜ ሌላ ማዘጋጀት ያለብኝ ነገር አለ?

ሰኞ ገበያ

ነፍስ ይማር። ችግር የለውም። በኒካሁ ላይ የነበረ ሌላ ሰው፣ የእሷ ወገን ቢሆን ይመረጣል፣ መታወቂያውን ይዞ ይምጣ። ሸሁ በሕይወት ካሉና መምጣት ከቻሉ ደግሞ የበለጠ ጥሩ ነው። የልጅቷን ሰርተፍኬት ለማሳረም የተወለደችበት ጤና ተቋም የሰጣችሁ ወረቀት ወይም የክትባት ካርዷ ካለ ያዙ፤ ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ስለሚያሳይ ይረዳል።

ቦርከና

የክትባት ካርዱ ከተነሣ አይቀር፣ እንዳይጠፋ። ጀርመን ልጅ መዋዕለ ሕፃናትም ሆነ ትምህርት ቤት ሲገባ የኩፍኝ ክትባት መውሰዱ በማስረጃ ይጠየቃል። ሆስፒታል ለምትሠራው ለባለቤትህም እንደዚያው። ያልተሟላ ካለ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ አስጨርሱና በእንግሊዝኛ አጽፉት።

ጀርመንኛውን በተመለከተ፣ ለቪዛ የሚያገለግለው የታወቀ ተቋም ፈተና ነው። አዲስ አበባ ያለው የጎተ ኢንስቲትዩት ይፈትናል። ትምህርቱን ደሴም ሆነህ በስልክህ መከታተል ትችላለህ፤ ለፈተናው ግን ቀን ቀድመህ ያዝ፣ ቦታው ቶሎ ይሞላል።

እሷ ደግሞ ስትመጣ የትምህርት ማስረጃዎቿን ዋና ቅጂ ትያዝ። ከመምጣቷ በፊት ዲግሪዋን በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን፣ ከዚያም በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ታስረጋግጥ። እኔ ያለሁበት ከተማ ከሆነ የምትመጣው በግል ጻፍልኝ፣ ጣቢያ ድረስ መጥቼ እቀበላታለሁ።