ክርክር፦ ወላጅ ሳያሳውቅ ሕፃናት ማቆያ መግባት ይፈቀድለት?

የ8 ወር ልጅ እናት፦
የማቆያው የሥራ ፈቃድ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፣ ማኅተሙም አለ። አንድ ቀን ግን ከሥራ ቀደም ብዬ ወጥቼ ሄድኩ። መኝታ ክፍሉ ውስጥ 11 ሕፃናትና አንዲት ሞግዚት። የአንዱን ዳይፐር እየቀየረች ሌላውን በእግሯ ታወዛውዛለች። ልጄ በሆዷ ተኝታለች፤ ሕፃን በጀርባው ነው መተኛት ያለበት። ተቆጣጣሪ ቀኑን አስቀድሞ አሳውቆ ከመጣ ይህንን በምን ያያል? ወላጅ በፈለገው ሰዓት የመግባት መብቱ በደንቡ ይጻፍ።

ሞግዚት፦
እህቴ፣ ጭንቀትሽ ይገባኛል። ግን በስንት መከራ ያስተኛናቸው ልጆች በር ሲከፈት አንዱ ካለቀሰ ሁሉም ይነሳሉ። እናቱን አይቶ መልሶ የተለያት ልጅ ደግሞ ቶሎ አይጽናናም። ችግሩ የሰው ማነስ ነው። ሁለተኛ ሰው ይጨመርልን።

የሁለት ልጆች አባት፦
በሰው ማነሱ እስማማለሁ። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 3 ሕፃናትን የሚንከባከቡ ተቋማት በሠራተኛ ብዛትና ብቃት፣ በጤናና በደኅንነት መስፈርት እንዲያሟሉ ይላል። እንግሊዝ ከ2 ዓመት በታች ላሉ ቢያንስ ለ3 ሕፃን 1 ሞግዚት ታዛለች። በ2 ዓመት ልጆች ግን አንድ ሞግዚት የምትይዘውን እ.ኤ.አ. በ2023 ከ4 ልጅ ወደ 5 ከፍ አደረገችው። ቁጥሩ እንዲህ ይቀያየራል፤ ሲቀየር የወላጅ ሐሳብ ካልተጠየቀ የማን ሊጠየቅ ነው?

የማቆያ ባለቤት፦
ቁጥጥር አልጠላም። የወላጅ ኮሚቴም ይቋቋም፣ ሪፖርቱን አሳያለሁ። ሞግዚት ሲጨመር ክፍያም እንደሚጨምር ግን ከአሁኑ እንነጋገር።

የ8 ወር ልጅ እናት፦
እከፍላለሁ። ግን ለኮሚቴ ብቻ አይነበብ፤ ከፈቃዱ ጎን ይለጠፍ። ምን ጉድለት ተገኘ? እስከ መቼ ይስተካከል ተባለ? ተስተካከለ ወይስ አልተስተካከለም? ስለ እንቅልፉ የተባለው ልክ ነው፤ ለዚያ ሰዓት በሩ ላይ መስታወት ይግጠምልን። መታወቂያዬን አሳይቼ፣ ልጄን በመስታወት አይቼ እመለሳለሁ። ሌላ ሰዓት ግን እገባለሁ።

ሞግዚት፦
በመስታወቱ ተስማምቻለሁ። ቅሬታ ስትጽፉ ግን የሞግዚቷን ስም ብቻ አትጻፉ። ለምን ብቻዋን እንደሆነችም ጠይቁ።