«ጥቁር ጥቁር ነው» ያልከው ልጅ ና እስቲ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶ፦ ትናንት «ለሳያኖታይፕ ኔጋቲቭ ቀለም ማማረጥ ቅንጦት ነው፣ ጥቁር ጥቁር ነው» ያልከው ልጅ የት ነህ? (ለማያውቅ፦ ሳያኖታይፕ ብርሃን የነካው ሰማያዊ፣ የተከለለው ነጭ የሚሆንበት የፎቶ ህትመት ነው፤ የሚከልለው ፕላስቲክ ላይ የታተመው ኔጋቲቭ ነው።) አንተን ሰምቼ የአያቴን ፎቶ ኔጋቲቭ በዳይ (በሚሟሟው የፕሪንተር ቀለም) አትሜ 12 ደቂቃ ፀሐይ ላይ ባሰጣው ነጭ ነጠላዋ ሰማያዊ ሆኖ ቁጭ። ራሷ አይታው «ይሄ የማን ቱታ ነው?» አለችኝ።

የሰበታው፦ 😂😂 አሁንም እላለሁ ጥቁር ጥቁር ነው። ኤፕሰን ኤል 805 ፕሪንተሬ ላይ ዳይ እየሞላሁ ስንት ጊዜዬ፣ አንድም ቀን አላስቸገረኝ። ሳይንቲስቱ ሄርሼል እ.ኤ.አ. በ1842 ሳያኖታይፕን ሲፈጥር ማን ፒግመንት (የማይሟሟውን የደቃቅ ዱቄት ቀለም) አማረጠለት?

ላብ ነኝ፦ ሄርሼል ፕሪንተር ነበረው እንዴ? ጥቁሩ ለዓይንህ ነው ጥቁር፣ ለዩቪ ሻሽ ነው። ወረቀቱ በዋናነት የሚሠራው ከ400 ናኖሜትር በታች ባለው ብርሃን ነው፣ አንተ በማታየው። ብዙ የዳይ ጥቁር እዛ ጋ ያሳልፋል፣ የካርቦን ፒግመንት ግን ይዘጋል። ቢጫ ራሱ ሊበልጠው ይችላል።

የሰበታው፦ ሻሽ!! ቢጫ ከጥቁር በለጠ በሉኛ፣ ጉድ ነው

ለገጣፎ ነዋሪ፦ ፒግመንት ፒግመንት ትላላችሁ፣ ተራ ትራንስፓረንሲ (ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ) ላይ መቼ ይደርቃል? የኔ በማግስቱ በጣቴ ተጠረገ። ለኢንክጄት የተቀባ ሉህ ከሌለ ክርክሩ ከንቱ ነው።

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶ፦ ዛሬ ጠዋት ስድስቱን ቀለም ጎን ለጎን እንደ ጥለት አትሜ፣ ባንድ ወረቀት ባንድ ፀሐይ አወጣሁት። ቢጫው ስር ነጭ፣ ጥቁሩ ስር ውሃ ሰማያዊ። ፎቶው ከላይ አለ።

የሰበታው፦ የናንተ ሰፈር ፀሐይ ሌላ ነው

ላብ ነኝ፦ ፀሐይዋ ለሁለቱም ጥለት አንድ ናት እኮ ወንድሜ

ዝም ያልኩት፦ የሰበታውን ልጅ ተዉት፣ እዚህ ሥራ ለጥፎ የሚያሳይ እሱ ብቻ ነው። ይልቅ ውሃችሁን እዩ፣ የጉድጓድ ውሃ አልካላይን ከሆነ ሰማያዊውን ይበላል፣ ሎሚ ጠብ አድርጉበት።

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶ፦ ውሃ ሰማያዊውን ቢበላ ይገረጣል እንጂ ነጩ ሰማያዊ ይሆናል? ደሞ ውሃ መጣና ነው! በጀሪካን ነው የማጥበው።

ለገጣፎ ነዋሪ፦ ሉሁንስ ማን መለሰልኝ?

ላብ ነኝ፦ የሰበታው፣ ያንተን ጥለት አሳየን በቃ።

የሰበታው፦ መብራት ሲመጣ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶ፦ በፀሐይ ነው የምሠራው ስትል አልነበር እንዴ

የሰበታው፦ ፕሪንተሩ እኮ ፀሐይ አይበላም እማ