ቀበቶ ሳያስር የተጎዳ ተሳፋሪ ካሳው ይቀነስበት?

የክርክሩ አቅራቢ፦ ለውይይት የማቀርበው ጥያቄ፣ ተሳፋሪው የሚሠራ የደኅንነት ቀበቶ እያለለት ሳያስር ቀርቶ በአደጋ ቢጎዳ፣ ጥፋተኛው አሽከርካሪ ወይም መድን ሰጪው የሚከፍለው ካሳ መቀነስ አለበት ወይ የሚል ነው። እኔ መቀነስ አለበት ባይ ነኝ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው ቀበቶ በተሽከርካሪ ውስጥ ያለን ሰው የመሞት ዕድል እስከ ግማሽ ሊቀንስ ይችላል፤ የትራፊክ አደጋ ደግሞ አብዛኞቹን አገሮች ከጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርታቸው 3 በመቶ ያህሉን ያሳጣቸዋል። ይህን ወጪ የምንሸፍነው ሁላችንም ነን፤ ከፊሉ ከመንግሥት ሆስፒታል በጀት፣ ከፊሉ ከምንከፍለው አረቦን፣ ከፊሉም ሥራውን ትቶ ቁስለኛ ከሚያስታምም ቤተሰብ ገቢ ይወጣል።

ተቃዋሚ፦ ቀበቶ ማሰርና አለማሰር የራሴ ውሳኔ ነው፤ ባላስር የምጎዳው እኔው ነኝ። ወጪን ምክንያት ካደረግን ነገ ሲጋራ ያጨሰ ሰው አይታከም፣ ጨው ያበዛ ሰው መድኃኒት አይሰጠው ማለታችን አይቀርም። ስለዚህ ቀበቶ ባለማሰር የሚጣለውን ቅጣትም የካሳ ቅነሳውንም እቃወማለሁ።

የሕግ ባለሙያ፦ የወንድማችን ሥጋት መልስ ይገባዋል፤ «የምጎዳው እኔው ነኝ» የሚለው ግን ከእውነታው ጋር አይገጥምም። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ የጃፓን ጥናት ከኋላ የተቀመጡት ሰዎች ቀበቶ ካላሰሩ፣ ከፊት ያሉት ቢያስሩ እንኳ የመሞት ዕድላቸው ወደ አምስት እጥፍ እንደሚጠጋ አሳይቷል፤ ምክንያቱም መኪናው በድንገት ሲቆም ያልታሰረው ሰው መኪናው በነበረበት ፍጥነት ወደፊት ተወርውሮ የፊተኛውን ሰው ከነወንበሩ ይደቁሰዋል።

ወደ ካሳው ስመለስ፣ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2098 ለጉዳቱ በከፊል የተጎጂው ጥፋት ምክንያት ከሆነ ካሳው በከፊል ብቻ እንደሚከፈል ይደነግጋል፤ ስለዚህ የቅነሳው መሠረት ለሕጋችን እንግዳ አይደለም። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ «ፍሩም በበቸር ላይ» በተባለው የካሳ ክርክር የይግባኝ ፍርድ ቤቱ፣ በዳኛው ሎርድ ዴኒንግ መሪነት፣ የአደጋው መንሥኤና የጉዳቱ መንሥኤ ተለይተው መታየት እንዳለባቸው አስረድቶ፣ ቀበቶው ጉዳቱን ፈጽሞ ያስቀረው ከነበረ 25 በመቶ፣ ያቀልለው ብቻ ከነበረ 15 በመቶ፣ ምንም ለውጥ ካላመጣ ግን ምንም እንዳይቀነስ መመዘኛ አስቀምጧል። ከፊት ወንበር ቀበቶ ማሰር በዚያ አገር በሕግ ግዴታ የሆነው ከዚህ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። ስለዚህ ጥያቄው «ይታከም አይታከም» አይደለም፤ ሕክምናውን ማንም አይነፍገውም። ጥያቄው ሌላው ሰው ከሚከፍለው ገንዘብ ላይ ተጎጂው በራሱ ላይ ያባባሰውን ድርሻ ማንሣት ነው።

የድንገተኛ ክፍል ነርስ፦ የሕግ ባለሙያው ያሉት ለፍርድ ቤት ትክክል ሊሆን ይችላል፤ የክርክሩ አቅራቢ ስላነሡት የሕዝብ ወጪ ግን መልስ አይሰጥም። ከተጎጂው ካሳ ላይ 25 በመቶ ቢቀነስ የተሰበረው ጭን በ25 በመቶ ርካሽ አይጠገንም፤ የተቀነሰው ገንዘብ ከመድን ሰጪው ትከሻ ወርዶ በቤተሰቡና በመንግሥት ሆስፒታል ትከሻ ላይ ያርፋል። የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 በተሽከርካሪ አደጋ ለተጎዳ ማንኛውም ሰው የፈቀደው የድንገተኛ ሕክምና እስከ 2,000 ብር ነበር፤ ከዚያ በላይ ያለው፣ ብረቱ፣ ደሙ፣ ከሳምንታት ሕክምና በኋላ የሚቀጥለው የአካል ተሐድሶ፣ ከየት እንደሚመጣ በየቀኑ የምናየው እኛ ነን። አብዛኛውን ጊዜ ከብት ተሽጦ ወይም ብድር ተገብቶበት ነው የሚመጣው። ቀበቶ ይታሰር የሚለውን ከማንም በላይ እደግፋለሁ፤ ድሃውን ሁለት ጊዜ የሚቀጣ ደንብ ግን አልደግፍም። በአዲስ አበባ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች መሆናቸውም አይዘንጋ፤ ለእነርሱ የሚያስፈልገው የፍጥነት ቁጥጥርና የእግረኛ መንገድ ነው።

የሚኒባስ አሽከርካሪ፦ እኅታችን ስለ ድሃው ባነሡት ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በብዙ ሚኒባሶቻችን ቀበቶ ያለው ጋቢና ብቻ ነው። ከኋላ ያሉት መቀመጫዎች፣ በተለይ የሚታጠፉት፣ ቀበቶ የላቸውም፤ ትርፍ ሲጫን ደግሞ ወንበር እንኳ የሌለው ሰው አለ። ጋቢና የሚቀመጠውም ቢሆን ትራፊክ ፖሊስ ሲታይ ቀበቶውን ደረቱ ላይ ጣል አድርጎ ይይዛል እንጂ አያስርም፤ እሰር ስለው ይቆጣኛል፣ ቅጣቱ ግን ለእኔ ይጻፋል። ስለዚህ ተሳፋሪው ኃላፊነት ይኑርበት በሚለው እስማማለሁ። ነገር ግን ቀበቶ በሌለበት መቀመጫ ላይ አስቀምጠነው ለምን አልታሰርክም ልንለው አንችልም።

የሕግ ባለሙያ፦ አሽከርካሪው ያነሡት ነጥብ የቅነሳውን ወሰን ያሳያል። ተሳፋሪው የሚሠራ ቀበቶ እንደነበረው፣ እንዳላሰረውና ጉዳቱ በዚህ ምክንያት እንደባሰ የማስረዳት ሸክሙ በመድን ሰጪው ላይ መሆን አለበት፤ ሕፃናት ደግሞ ከቅነሳው ውጭ መሆን ይኖርባቸዋል።

የድንገተኛ ክፍል ነርስ፦ ሸክሙ በመድን ሰጪው ላይ ይሁን ቢባልም፣ ምስክርነት የሚጠየቀው ከእኛ የሕክምና መዝገብ ነው። ቁስለኛው በጭነት መኪና ወይም በባጃጅ ተጭኖ ሲደርስ ታስሮ ነበር አልነበረም የሚለውን የሚነግረን ሰው የለም፤ በግምት የተጻፈች አንዲት መስመርም የአንድን ቤተሰብ ካሳ ልትቀንስ ትችላለች። እኔ የምጠይቀው ከዚህ ቀድሞ እንዲፈጸም ነው፦ የሕዝብ ማመላለሻ ሁሉ ለዓመታዊ ምርመራ ሲቀርብ ፍሬኑና መብራቱ እንደሚታይ እያንዳንዱ መቀመጫ ቀበቶ እንዳለው ይታይ፤ የሌለው ቦሎ አይሰጠው። የካሳ ቅነሳውን ጉዳይ ቀበቶው በየመቀመጫው ከተገጠመ በኋላ እንከራከርበት።