ልብ አንጠልጣይ መጽሐፍ ለታዳጊዎች፦ የቱ ለማን?

«ለ14 ዓመት ልጅ የሚሆን ልብ አንጠልጣይ መጽሐፍ ጠቁሙኝ» የሚል ጥያቄ ሲመጣ መልሱ ብዙውን ጊዜ የመጻሕፍት ስም ዝርዝር ነው። ልጁ መጽሐፍ ሲይዝ ምን እንደሚሆን ግን የሚጠይቅ የለም። አንዱ ሲጨንቀው የመጨረሻውን ገጽ ከፍቶ ያያል። ሌላዋ ምዕራፉ ሲያልቅ መጽሐፉን ዘግታ ክፍሏ ውስጥ ትንጎራደዳለች። ሌላው ደግሞ ገና ከጅምሩ «ገዳዩን አውቄዋለሁ» ብሎ ይተወዋል። ለሦስቱም አንድ መጽሐፍ መስጠት አይቻልም።

ስለዚህ የእኔ ጥቆማ ዕድሜን ሳይሆን አንባቢው የሚሰማውን ስሜት ተከትሎ የሚሄድ ነው። ከታዳጊዎች ጋር ሳነብ፣ ሲያነቡም ሳይ የታዘብኩትን አካፍላችኋለሁ። የየትኛውንም መጽሐፍ መጨረሻ አልናገርም።

እንቆቅልሽ መፍታት ከሚወዱት ልጆች ልጀምር። እነዚህ እርሳስ ይዘው ነው የሚያነቡት። ሁሉንም ሰው ይጠረጥራሉ። ለእነሱ የአጋታ ክሪስቲን «ኤንድ ዜን ዜር ዌር ነን» የሚያህል አላገኘሁም። በ1939 የታተመ ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አሥር ሰዎች አንዲት ደሴት ላይ ይሰባሰባሉ፤ የጠራቸውን ሰው ግን በቅጡ የሚያውቀው የለም። በየመኝታ ክፍሉ አንድ የልጆች ግጥም ተሰቅሏል። የምግብ ጠረጴዛው ላይ አሥር ትናንሽ ምስሎች ቆመዋል። አንድ ሰው ሲሞት አንድ ምስል ይጎድላል። ታዳጊዎች እዚህ ጋ ሲደርሱ የሚሆኑትን ማየት ደስ ይላል። ከሟቹ ይልቅ ምስሎቹን መቁጠር ይጀምራሉ። «አሁን ስንት ቀረ?» ይላሉ። ግጥሙ ቀጣዩ ሰው እንዴት እንደሚሞት ፍንጭ ስለሚሰጥ ወደ ኋላ ተመልሰው ደግመው ያነቡታል። ክሪስቲ በሌሎች መጽሐፎቿ የምታመጣው ዝነኛው መርማሪ ኤርኩል ፖይሮ እዚህ የለም። አንባቢው «እሱ ይፈታዋል» ብሎ የሚተማመንበት ሰው ያጣል። ጭንቀቱም ከዚያ ይመጣል።

ልጁ እንቆቅልሽ ወዶ ሬሳ በሬሳ ላይ ካልወደደ የኤለን ራስኪንን «ዘ ዌስቲንግ ጌም» ስጡት። የ1978 መጽሐፍ ነው። የአንድ ሚሊየነር 16 ወራሾች ሁለት ሁለት ሆነው በጥቂት ቃላት ፍንጭ ይፎካከራሉ። ችግሩ መጀመሪያው ላይ ነው። ስም ይበዛል፤ ብዙ ልጆች እዚያው ይጠፋባቸዋል። ስሞቹን ወረቀት ላይ ጻፍ ጻፍ ማድረግ ይረዳል። ያንን ካለፉ በኋላ ግን ሲስቁ ትሰሟቸዋላችሁ።

«የባስከርቪሎች ውሻ» ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። ደራሲው አርተር ኮናን ዶይል መርማሪውን ሼርሎክ ሆምስን በ1893 በጻፈው ታሪክ «ገድሎት» ነበር። ከዚያ በ1901 እና በ1902 «የባስከርቪሎች ውሻ»ን በመጽሔት በተከታታይ አወጣ። ብዙ ልጆች ሼርሎክን ፈልገው ይጀምሩታል፤ ነገር ግን ለብዙ ምዕራፎች የምናገኘው ጓደኛውን ዋትሰንን ብቻውን ነው። ጭር ባለ ረግረግ ሜዳ፣ በጭጋግ መሃል፣ የማይታይ ነገር ሲያላዝን እየሰማ። «ሼርሎክ የት ሄደ?» ብለው የሚናደዱ አሉ። እኔ ግን የመጽሐፉ ምርጥ ክፍል ያ ይመስለኛል። ብልሁ ሰው ሲርቅ አንባቢውም ከዋትሰን ጋር ሜዳ ላይ ይቀራል። ፍንጭ ከማሳደድ ይልቅ ድባብ ለሚወድ ልጅ ነው የምመክረው።

አሁን ወደ «አንድ ምዕራፍ ብቻ ልጨምር» ባዮች እንሂድ። እነዚህን መብራት አጥፉ ማለት ዋጋ የለውም። ለእነሱ የሱዛን ኮሊንስ «ዘ ሀንገር ጌምስ» አለ። በ2008 ነው የወጣው፤ ልጆች ሲገዳደሉ ሰዎች እንደ ጨዋታ የሚያዩበት ታሪክ ነው። ታሪኩን የምትነግረን የ16 ዓመቷ ካትኒስ ናት፤ የምትነግረንም አሁን እየሆነ እንዳለ አድርጋ ነው። «ሮጥኩ» አትልም፤ «እሮጣለሁ» ነው የምትለው። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን ባለፈ ጊዜ የሚተርክ ሰው መትረፉን በውስጠ ታዋቂ ይነግረናል። ካትኒስ ይህንን ማረጋገጫ አትሰጠንም። ከዚያ ላይ ኮሊንስ ለቴሌቪዥን ስትጽፍ የኖረች ናት፤ ምዕራፍ የት ላይ እንደሚቆረጥ ታውቅበታለች። 27ቱም ምዕራፎች ወደሚቀጥለው የሚገፉ ናቸው። ለዚህ ለልጆቹ የምነግራቸው ዘዴ አለ፦ ምዕራፍ መጨረሻ ላይ አታቁሙ። ነገሩ ረገብ ያለበት ቦታ፣ ምዕራፉ መሃል ላይ፣ ምልክት አድርጋችሁ ዝጉት። እንቅልፍ የሚወስዳችሁ ያኔ ነው። ሞክረውት ሠርቶላቸዋል።

ይህ መጽሐፍ የሚያመጣው ስሜት ፍርሃት ብቻ አይደለም። ልጆቹ ይናደዳሉ። የልጆችን መገዳደል ተሰብስበው እንደ ጨዋታ በሚያዩት ሰዎች ይናደዳሉ። አንዲት አንባቢ እንባዋ እየመጣ «ለምን ዝም ይላሉ?» ስትል ሰምቻለሁ። እንደዚህ የሚጠይቅ ልጅ ካላችሁ አብራችሁ አንብቡት፤ የሚያወራው ሰው ይፈልጋል።

የሆሊ ጃክሰን «ኤ ጉድ ገርልስ ጋይድ ቱ መርደር» ከ2019 ጀምሮ በታዳጊዎች እጅ በብዛት የሚታይ ነው። ፒፕ የምትባል ተማሪ የትምህርት ቤት ፕሮጀክቷን ሰበብ አድርጋ የተዘጋ የግድያ ጉዳይ ትከፍታለች። መጽሐፉ በማስታወሻ፣ በቃለ መጠይቅና በካርታ የተሞላ ነው። ረጅም አንቀጽ የሚያስፈራው ልጅ ይህን በቀላሉ ይገፋዋል። ከክሪስቲ ጋር ሳወዳድረው፣ እዚያ አንባቢው ተመልካች ነው፤ እዚህ ረዳት መርማሪ ይሆናል። ግን ወላጆች ልብ በሉ፦ ዕፅና ወሲባዊ ጥቃት ይነሳበታል። ለ12 ዓመት ልጅ ቸኩዬ አልሰጥም።

የፊልም ዳይሬክተሩ አልፍሬድ ሂችኮክ ልብ ማንጠልጠልን ያስረዳበት ምሳሌ አለ። ሁለት ሰዎች ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ያወራሉ፤ ከሥሩ ቦምብ አለ። ተመልካቹ ሳያውቅ ከፈነዳ ድንጋጤው የሴኮንዶች ነው። ቦምቡ እንዳለ አስቀድሞ ካወቀ ግን ያ ተራ ወሬ እስኪያልቅ ድረስ ሙሉ ጊዜውን ይጨነቃል። ይህንን በመጽሐፍ ማየት የፈለገ የሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰንን «ትሬዠር አይላንድ» ከ10ኛው ምዕራፍ መጨረሻ ጀምሮ 11ኛውን ምዕራፍ ያንብብ። ጂም የሚባለው ልጅ ፖም ፍለጋ በርሜል ውስጥ ይገባል። እዚያው እንቅልፍ ሊወስደው ሲል አንድ ሰው መጥቶ በርሜሉን ተደግፎ ይቀመጥና ማውራት ይጀምራል። ጂም የሚሰማው ነገር የመርከቡን ሰው ሁሉ ሕይወት የሚወስን ነው። መተንፈስ ይፈራል። ከዚያ አንዱ «ፖም አምጣልኝ» ይላል። ይህንን ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸውና እዚህ ጋ ቆም በሉ። «ቀጥል እንጂ!» ብለው ይጮኹባችኋል። ስቲቨንሰን ታሪኩን የጀመረው ለእንጀራ ልጁ ነበር፤ መነሻውም አንድ የተሳለ የደሴት ካርታ ነው። በ1883 በመጽሐፍ ታተመ። ቋንቋው አሮጌ ነው፤ የመርከበኞች ቃል ይበዛዋል። ልጁ እያንዳንዱ ቃል ካልገባኝ እንዳይል አስቀድማችሁ ንገሩት። የመርከቡን ዕቃ ስም ቢዘለው ምንም አይጎድልበትም።

ቀስ ብሎ የሚሰርግ ስጋት የሚወዱ ደግሞ አሉ። ሩጫና ጩኸት አይመቻቸውም። ለእነሱ የሎይስ ላውሪን «ዘ ጊቨር» እመክራለሁ። የ1993 መጽሐፍ ነው። ሁሉ ነገር የተስተካከለበት፣ ሰው ሁሉ ጨዋ የሆነበት ማኅበረሰብ ነው። የሆነ ነገር ግን ልክ አይደለም። አንባቢው ምን እንደሆነ ሳያውቅ ሆዱን ቅር ይለዋል። መጨረሻው ታዳጊዎችን ለሁለት ይከፍላል። «ይሄ መጨረሻ ነው?» ብለው መጽሐፉን የሚወረውሩ አሉ፤ ለቀናት የሚያስቡበትም አሉ። ላውሪ ራሷ ስለዚሁ መጨረሻ ከአንባቢዎች ብዙ ደብዳቤ ደርሷታል። ተከታዮቹ ሦስት መጻሕፍት በኋላ መጡ፤ የመጨረሻው በ2012። ልጁ ሲናደድ ወዲያው «ተከታይ አለው» አትበሉት። መጀመሪያ የራሱን ግምት ይናገር።

መፍራት ጨርሶ ለማይወድ ልጅ፦ የሉዊስ ሳቻር «ሆልስ»፣ 1998። በደረቅ ሐይቅ ላይ በየቀኑ ጉድጓድ እንዲቆፍሩ የተፈረደባቸው ልጆች ታሪክ ነው። ለምን እንደሚቆፍሩ ማወቅ ያጓጓል፤ እንቅልፍ ግን አይነሳም። ዓረፍተ ነገሮቹ አጫጭር ናቸው።

«ማንበብ አልወድም» ለሚል ደግሞ የኤድጋር አለን ፖ «ዘ ቴል ቴል ሃርት»፣ 1843። ጥቂት ገጽ ነው። በአንድ ቁጭታ ያልቃል። ማታ ጮክ ተብሎ ሲነበብ ስልክ የሚነካ ልጅ አይኖርም።

አሁን ስለ ቅርጹ። ወረቀት፣ ስልክ ወይስ ድምጽ? ለልብ አንጠልጣይ መጽሐፍ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ወረቀት ላይ ጣታችሁ ስንት ገጽ እንደቀረ ያውቃል፤ ሃያ ገጽ ሲቀር አንድ ነገር ሊፈነዳ እንደሆነ ይሰማችኋል። ግን መጨረሻውን ማየትም ቀላል ነው። ስልክ ላይ መልእክት እየገባ ጭንቀቱን ይቆርጠዋል፤ ማሳወቂያውን ካላጠፋችሁ አልመክርም። ድምጽ ደግሞ ለሚቸኩሉ ልጆች ጥሩ ነው። ዓይን እንደሚያደርገው ወደ ታች ሮጦ «ሞተ ወይስ ተረፈ» ማለት አይቻልም፤ ጮክ ብሎ የሚያነበው ሰው በሚሄድበት ፍጥነት መጠበቅ ግድ ነው።

ለአሮጌዎቹ መጻሕፍት ኢንተርኔት ላይ ሁለት ነጻ አማራጮች አሉ። በ1971 የተጀመረው ፕሮጀክት ጉተንበርግ ጽሑፉን ይሰጣል። በ2005 የተጀመረው ሊብሪቮክስ በበጎ ፈቃደኞች የተነበበ ድምጽ አለው። የስቲቨንሰን፣ የፖና የሆምስ ታሪኮች ሁለቱም ጋ ይገኛሉ። የሊብሪቮክስ ንባብ ጥራት ግን ይለያያል፤ አንዳንዱ ላይ በየምዕራፉ ድምጽ ይቀያየራል። ከማውረዳችሁ በፊት ጥቂት ደቂቃ አዳምጡ።

መጨረሻውን ቀድመው የሚያዩትን ልጆች አትቆጧቸው። ክሪስተንፌልድ እና ሊቪት የተባሉ ተመራማሪዎች በ2011 ባወጡት ጥናት፣ የአጫጭር ታሪኮችን መጨረሻ አስቀድመው ያወቁ አንባቢዎች ታሪኮቹን በአማካይ ይበልጥ ወደዋቸው ነበር። በኋላ የተሠሩ አንዳንድ ጥናቶች ይህን ውጤት አላገኙም። እኔ እንደማየው ግን አንዳንድ ልጅ ካልተረጋጋ ማንበብ አይችልም። መጨረሻውን አይቶ፣ እፎይ ብሎ፣ ተመልሶ «እንዴት እዚህ ደረሱ?» እያለ በደስታ ያነባል። እሱ በራሱ የመረጠው ነው። ሌላ ሰው ሳይጠየቅ ሲነግረው ግን ምርጫውን ይነጥቀዋል። ታላላቅ ወንድሞችና እህቶች፣ እባካችሁ!

ፍርሃቱ ደስታ መሆኑን ሲያቆም ግን ተዉት። ልጁ በሕልሙ ከቃዠ፣ ብቻውን መተኛት ከፈራ፣ መጽሐፉን ካየ ቁጥር ከተጨነቀ፣ መጨረስ ግዴታ አይደለም። «ጀምረህ አትተው» የሚባለው ለዚህ አይሠራም። ከወራት በኋላ ራሱ ሊያነሳው ይችላል።

ልጁን ጨርሶ የማታውቁት ከሆነና አንድ ብቻ ምረጥ ካላችሁኝ፣ «ሆልስ»ን ስጡት። ሲጨርስ «ወደድከው?» አትበሉት፤ «አዎ» ብሎ ያልፋል። «የት ጋ ነው ማቆም ያቃተህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ስለ ጉድጓዱ ምስጢር ካወራ ክሪስቲን፣ ስለ ልጆቹ መበደል ካወራ ኮሊንስን፣ ስለ ደረቁ ሐይቅና ስለ ቦታው ካወራ የባስከርቪሎችን ውሻ አስከትሉለት።